የበዓሉ ግርማ ሥፍራዎች

በዓሉ ግርማ ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ፖለቲካ ይሄዳል። ለእኔ ግን ከሁሉ በፊት የሥፍራ ደራሲ ነው። ትልልቆቹ ልቦለዶቹ የቆሙት ራሱ በኖረበት ወይም በሥራ በተላከበት መሬት ላይ ነው።

የተወለደው ኢሉባቦር፣ ሱጴ ውስጥ ነው። አባቱ ህንዳዊ ነጋዴ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ነበሩ። ለትምህርት በልጅነቱ አዲስ አበባ መጣ፤ ከጄኔራል ዊንጌት በኋላ የእኛው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብቶ ፖለቲካ ሳይንስና ጋዜጠኝነት አጠና። ሚሺጋን ሄዶ ሁለተኛ ዲግሪውን ያዘ፤ ተመልሶም እነ አዲስ ዘመንን በአዘጋጅነት መራ። በኋላ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ሆነ።

በ1962 ዓ.ም. የወጣው «ከአድማስ ባሻገር» የአዲስ አበባ መጽሐፍ ነው፤ ቢሮው፣ መጠጥ ቤቱ፣ ሥራውን ጥሎ ወደ ጥበብ መሄድ የሚያምረው ሰውዬ። ከተማችንን ያን ያህል በቅርብ ያየ ልቦለድ ከዚያ በፊት ብዙ አልነበረንም።

ኢሉባቦርን ግን ሁለት ጊዜ ነው የጻፈው። በ1966 ዓ.ም. «የህሊና ደወል» ወጣ። ብዙ ደራሲ አንድ መጽሐፍ ታትሞ ካለቀለት ወደ ሌላ ያልፋል። በዓሉ ያንኑ ታሪክ እንደገና ከፍቶ፣ አስፍቶ በ1975 ዓ.ም. «ሀዲስ» ብሎ አወጣው። በመሃል አብዮት መጥቷል፣ እሱም ትልቅ ባለሥልጣን ሆኗል። ያ ሁሉ አልፎ ወደ ወጣቱ መምህር፣ ወደዚያ ዝናብ፣ ጫካና ቡና አገር ተመለሰ። እኔ እንደሚመስለኝ ሱጴ አልወጣለትም ነበር።

በዚያው ዓመት «ኦሮማይ» መጣ። በ1974 ዓ.ም. የቀይ ኮከብ ዘመቻ ሲጀመር በዓሉ አስመራ ነበር፤ ሥራው ዘመቻውን ማስተዋወቅ ነው። ከተማዋ ግን ያዘችው። የመጽሐፉን ርዕስ እንኳ የወሰደው ከእሷ ነው፤ አስመሮች ከጣሊያን ወርሰው ነገር አበቃለት ለማለት የሚሉት ቃል ነው። ዋናው ሰው ጸጋዬ ጋዜጠኛ ነው፤ እሱ ከፊያሜታ ጋር ሲወድቅ ከከተማዋም ጋር አብሮ ይወድቃል። ከዚያ ናቅፋ አለ። ያ ሁሉ ሰነድ፣ ስብሰባና መፈክር ተራራው ሥር ሲደርስ ይቆማል። በእውነተኛው ዘመቻም ናቅፋ አልተያዘም። መጽሐፉን አደገኛ ያደረገው ይሄ ይመስለኛል፦ ሰውዬው ያየውን መልክዓ ምድር እንዳለ ጻፈው፤ መልክዓ ምድሩ ደግሞ መግለጫ አያውቅም።

ኩራዝ ያሳተመው መጽሐፍ ወዲያው ከገበያ ተለቀመ። እኔ ያነበብኩት በውሰት፣ ሽፋኑ በጋዜጣ ተለብጦ፣ ጠዋት ልመልስ ቃል ገብቼ ነው። (ዛሬ በእንግሊዝኛም ተተርጉሞ ለንደን ላይ በነፃነት ይሸጣል።) በዓሉ ከሥራ ተባረረ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጣ፤ አልተመለሰም። መኪናው ደብረ ዘይት መንገድ ላይ፣ ቃሊቲ አካባቢ ቆማ ተገኘች።

ያ መንገድ የእኛ ሰፈር መንገድ ነው። በጎተራ አልፎ፣ ነፋስ ስልክንና ሳሪስን ነክቶ ነው ቃሊቲ የሚወርደው። ነፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ከድሮው ገመድ አልባ ቴሌግራፍ ጣቢያ ነው፤ ያለ ሽቦ፣ በነፋስ ወሬ የሚመጣበት ቦታ ማለት ነው። ዕድሜ ልኩን ዜና ሲያዘጋጅ የኖረው ሰው ወሬ በዚህ አቅጣጫ ጠፍቶ ቀረ። መቃብሩ እስካሁን አይታወቅም።

ሥነ ጽሑፍ የምታስተምሩ ወዳጆቼ፣ «ሀዲስ»ን ስታስተምሩ ልጆቹን ኢሉባቦር ብትወስዷቸው እንዴት ደስ ባለኝ። በጀት እንደሌለ አውቃለሁ፤ አስመራም እንደ ልብ የሚኬድበት አይደለም። ደብረ ዘይት መንገድ ግን ቅርብ ነው። «ኦሮማይ»ን በጨረሱ ማግስት አንድ ሚኒባስ ያዙና በነፋስ ስልክ በኩል ቃሊቲ ድረስ ውረዱ። በመስኮት ይዩት።