ኤቫሪስት ጋሉዋ፤ ስሕተትን ለሚያርም ሒሳብ መሠረት የጣለ ወጣት

በብርሃን በሚነበብ ዲስክ ላይ የተቀረጸ ድምፅም ሆነ ጽሑፍ፣ ገጹ በጥቂቱ ቢጫርም ሳይበላሽ ይነበባል። የዚህ ጥበብ ሥር የሚገኘው ገና በ20 ዓመቱ በሞተ በአንድ ፈረንሳዊ ተማሪ ሒሳብ ውስጥ ነው።

ኤቫሪስት ጋሉዋ እ.ኤ.አ. በ1811 ዓ.ም. በፓሪስ አጠገብ በቡር ላ ሬን ተወለደ። በ1823 ሉዊ ለ ግራን ወደተባለው ስመ ጥር ትምህርት ቤት ገባ። የሒሳብን ጣዕም ካወቀ በኋላ ግን ሌላውን ትምህርት ቸል ስላለ፣ ብዙዎቹ መምህራን ጠባዩ እንግዳ ሆኖባቸው ያዝኑበት ነበር። መምህር ሉዊ ሪሻር ብቻ ተሰጥዎውን ተረድተው የትምህርት ወረቀቶቹን በጥንቃቄ አኖሩለት።

ከዚያ ወዲያ መከራው ተደራረበ። በ1829 አባቱ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ፤ በዚያው ሰሞን እርሱ ለታላቁ የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት መግቢያ ለሁለተኛ ጊዜ ተፈትኖ ወደቀ። በ1830 ለሳይንስ አካዳሚ ያቀረበው ጽሑፍ ሊመረምሩት የወሰዱት ፉርዬ ስለ ሞቱ ጠፋ። በ1831 ያቀረበውን ደግሞ ፑዋሶን ግልጽ አይደለም በማለት አልተቀበሉትም። በግንቦት 1832 ለሽጉጥ ግጥሚያ በተጠራበት ዋዜማ፣ የሥራውን ፍሬ ነገር በደብዳቤ ጽፎ ለወዳጁ ለኦጉስት ሸቫልዬ ተወለት። በነጋው ቆሰለ፤ በማግሥቱም አረፈ። ወዳጁ ጽሑፎቹን ገልብጦ ስለ ጠበቀ ሊዩቪል በ1846 አሳተማቸው።

ጋሉዋ በ1830 ባሳተመው ሌላ አጭር ጽሑፍ፣ ብዛታቸው የተወሰነ አኃዞች ቢደመሩም ቢባዙም ቢካፈሉም ከማኅበራቸው የማይወጡበትን ሥርዓት ገልጦ ነበር። በ1960 አሜሪካውያኑ ሪድና ሰሎሞን በዚሁ ሥርዓት ላይ ስሕተትን የሚያርም ስሌት መሠረቱ። በ1982 ለገበያ የወጣው የሙዚቃ ዲስክም ይህንኑ ይጠቀማል። በዲስኩ ላይ የሚጻፈው እያንዳንዱ አኃዝ ከ256ቱ የማኅበሩ አባላት አንዱ ነው። ለየ24ቱ አኃዞች 8 መቈጣጠሪያ አኃዞች ይታከላሉ፤ ጎረቤታሞቹም ተራርቀው ይጻፋሉ። ስለዚህ አንድ ጭረት ከየማኅበሩ ጥቂት ጥቂት ብቻ ያጠፋል፤ የጠፋውም ከቀሩት ጋር ካለው ዝምድና ተሰልቶ ይመለሳል።

መምህር ሪሻር ያኖሯቸውን ወረቀቶች በኋላ ዘመን ላስተማሩት ለኤርሚት ሰጡ፤ ኤርሚትም ከዘመኑ ታላላቅ የሒሳብ ሊቃውንት አንዱ ሆነ። ፈታኞች የጣሉትን ተማሪ ሥራ ለትውልድ ያቆዩት፣ ፍሬውን ሳያዩ የጠበቁለት መምህርና ወዳጅ ናቸው።