የዶክተር አርማወር ሐንሰን የሕይወት ታሪክ

በክፍለ ከተማችን በኮልፌ ቀራንዮ፥ በአለርት ሆስፒታል ግቢ፥ በ1970 የተቋቋመ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት አለ። ስሙን ብዙዎቻችን ብንሰማም የማን እንደ ሆነ የምናውቅ ጥቂቶች ስለ ሆንን፥ የኒህን ሐኪም ታሪክ ባጭሩ ለመጻፍ አሰብሁ። ዘመኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጌርሃርድ አርማወር ሐንሰን በ1841 በኖርዌይ አገር በበርገን ከተማ ተወለዱ። በ1866 የሕክምና ትምህርታቸውን ፈጽመው፥ በ1868 በዚያው በበርገን በዶክተር ዳንኤልሰን ሥር ሆነው የሥጋ ደዌ በሽተኞችን ማከም ጀመሩ። በዚያ ዘመን ብዙ ሊቃውንት በሽታው በዘር የሚወርድ ይመስላቸው ነበር። ዳንኤልሰንም ከበሽተኛ የተወሰደ ነገር በገዛ ሰውነታቸው ከትበው ስላልታመሙ ይህንኑ ያምኑ ነበር። ሐንሰን ግን በየገጠሩ ዞረው የበሽተኞችን ቤተሰብ ከመረመሩ በኋላ፥ በሽታው ተላላፊ ነው ወደ ማለት ደረሱ። በ1873 ከበሽተኛ እባጭ የወሰዱትን በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ፥ በሕዋሳቱ ውስጥ እንደ በትር ቀጥ ያሉ ረቂቅ ተሐዋስያን አገኙ።

ተሐዋስያኑ በሕዋሳት ውስጥ መገኘታቸው ትልቅ ነገር ነው። እሾህ ሲወጋን ቦታው ይቀላል፥ ይሞቃል፥ ያብጣል፥ ያማል፤ ይህም ብግነት ይባላል። በዚያን ጊዜ ነጭ የደም ሕዋሳት ከደም ሥር እየወጡ ወደ ቁስሉ ይጎርፋሉ። ከነዚህም ማክሮፌጅ የተባሉት ጀርሙን ውጠው ይፈጫሉ፤ ሊምፎሳይት የተባሉት ደግሞ ጠላቱን ለይተው ማክሮፌጆቹን ያበረታሉ። የሥጋ ደዌ ጀርም ግን በዋጠው ማክሮፌጅ ውስጥ ሳይሞት ይራባል። ሊምፎሳይቶቹ በኃይል የተነሡ እንደ ሆነ፥ ብግነቱ ጀርሙ የተሸሸገበትን ነርቭ አሳብጦ ይጎዳዋል። ያን ጊዜ እጅና እግር ይደነዝዛል፤ የደነዘዘም ጣት እሳትና እሾህ ስለማይሰማው እየቆሰለ ይጠፋል።

የሐንሰን ሥራ ነቀፌታም አለበት። በ1879 ያንዲት በሽተኛን ዐይን፥ ፈቃዷን ሳይጠይቁ፥ ከሌላ በሽተኛ በተወሰደ ነገር ወጉ። በ1880 ፍርድ ቤት ከሆስፒታሉ ሥራ ሻራቸው። እኔ ይህን ሳልደብቅ የጻፍሁት፥ ዕውቀት የሰውን ክብር እንዲደፍር ስለማይገባ ነው። ሆኖም በሥጋ ደዌ መከላከል ሥራቸው ጸንተው በ1912 ዐረፉ።

ዛሬ ሥጋ ደዌ በመድኃኒት ይድናል፤ ብግነቱንም በጊዜው ማብረድ ይቻላል። እንግዲህ ወላጆችና ጓደኞቼ፥ በሽታው የዘር እርግማን አለመሆኑን አውቀን የታመመውን አንሽሽ፤ በገላችን ላይ ነጣ ብሎ የደነዘዘ ምልክት ብናይም ሳንውል ሳናድር ለሐኪም እናሳይ።