ባክሚንስተር ፉለር

ሪቻርድ ባክሚንስተር ፉለር (ጁላይ 12 ቀን 1895 – ጁላይ 1 ቀን 1983 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የፈጠራ ሰው፣ ንድፍ አውጪ፣ ደራሲና መምህር ነበር። በዓለም ዙሪያ በይበልጥ የሚታወቀው ጂኦዴሲክ ዶም በተባለው፣ ከሦስት ማዕዘኖች ተገጣጥሞ በሚሠራ የግማሽ ኳስ ቅርጽ ያለው ሕንፃ ነው። ከዚያ በፊት ግን ለ20 ዓመታት ያህል የደከመው በቤትና በቤት ውስጥ ዕቃዎች ላይ ነበር። ቤትን፣ መታጠቢያ ክፍልን፣ መጸዳጃን፣ የልብስ መደርደሪያንና መኪናን ከለመዱት መልክ አውጥቶ ከመሠረቱ እንደገና ለመንደፍ ሞክሯል። ከእነዚህ ንድፎች አብዛኞቹ ከናሙና አልፈው ለገበያ አልበቁም። ሆኖም ለምን እንደታሰቡና ለምን እንዳልተሳኩ እስከ ዛሬ የንድፍና የምሕንድስና ተማሪዎች ያጠኑታል።

በዚህ መጣጥፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ፉለር የተወለደው በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ሚልተን በተባለች ከተማ ነው። ታዋቂዋ ደራሲና የሴቶች መብት ተሟጋች ማርጋሬት ፉለር የአያቱ እህት ነበረች። ነጋዴ የነበረው አባቱ በ1910 ሞተ።

ፉለር ሲወለድ ጀምሮ ዐይኑ አጥርቶ አያይም ነበር። መነጽር የተገዛለት በ4 ዓመቱ ነው። ራሱ ሲናገር እንደኖረው፣ በመዋዕለ ሕፃናት ሳለ መምህርቷ ለልጆቹ የጥርስ መፋቂያ ስንጥርና አተር ሰጥታ ቤት ሥሩ አለቻቸው። ሌሎቹ ያዩትን ቤት አስመስለው አራት ማዕዘን ሠሩ። እርሱ ግን በደንብ ስለማያይ በእጁ እየዳሰሰ ሲሞክር፣ ሳይወላገድ የሚቆመው ሦስት ማዕዘን ብቻ መሆኑን አገኘ። ይህ ግኝት ከብዙ ዓመታት በኋላ የታላቁ ሥራው መሠረት ሆነ።

ክረምቱን ቤተሰቡ በሜይን ግዛት በምትገኝ ቤር አይላንድ በተባለች ደሴት ያሳልፍ ነበር። ፉለር ስለ ጀልባ፣ ስለ ገመድና ስለ ሸራ የተማረው በዚያ ነው። በ1913 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ነገር ግን ሁለት ጊዜ ተባረረና ዲግሪ ሳይዝ ቀረ። በመካከሉ በካናዳ ኩቤክ በሚገኝ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርቶ የማሽን ሥራን ተማረ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ባሕር ኃይል አገለገለ፤ በዚያም ባሕር ላይ የወደቁ አውሮፕላኖችን ከውኃ ውስጥ ለማንሣት የሚረዳ ማንሻ ነደፈ። በ1917 የአርክቴክት ጄምስ ሞንሮ ሂውሌትን ልጅ አን ሂውሌትን አገባ።

ሐዘንና ኪሳራ

የፉለርና የአን የመጀመሪያ ልጅ አሌክሳንድራ ፖሊዮና ማጅራት ገትር ካሠቃዩዋት በኋላ፣ 4 ዓመት ሳይሞላት በ1922 ሞተች። ፉለር ሐዘኑ ከልቡ አልወጣለትም። ደካማ ቤትና የቤተሰብ ጤና የተያያዙ ነገሮች መሆናቸውን ከዚያ በኋላ ደጋግሞ ያነሣ ነበር።

በዚያው ዓመት ከአማቱ ጋር ስቶኬድ የተባለ የግንባታ ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱ ከእንጨት ፍቅፋቂ የተጨመቁ፣ ቀዳዳ ያላቸው ቀላል ብሎኬቶችን ይሠራ ነበር። ብሎኬቶቹ ከተደረደሩ በኋላ በቀዳዳዎቹ ሲሚንቶ ይፈስባቸዋል። በዚህ ዘዴ ብዙ ሕንፃዎች ቢሠሩም ትርፍ አልተገኘም፤ ፉለርም በ1927 ሥራውን አጣ። ሁለተኛዋ ልጁ አሌግራ የተወለደችው በዚሁ ዓመት፣ ቤተሰቡ ቺካጎ ውስጥ ገንዘብ ባጣበት ጊዜ ነው።

ፉለር በዚያ ጊዜ ራሱን ሊያጠፋ ወደ ሚሺጋን ሐይቅ ሄዶ እንደነበርና፣ በድንገት ሐሳቡን ቀይሮ ሕይወቱን ለሰው ልጅ ጥቅም ለማዋል እንደወሰነ በኋላ ሲናገር ኖሯል። የግል ማኅደሩን የመረመሩ አንዳንድ ታሪክ ጸሐፊዎች ግን ነገሩ እንደተነገረው መሆኑን ይጠራጠራሉ። የማያጠራጥረው፣ ከ1927 ጀምሮ ሐሳቡን ሁሉ ወደ መኖሪያ ቤት ማዞሩ ነው።

ዳይማክሲዮን ቤት

ፉለር ያነሣው ጥያቄ ቀላል ነበር። መኪና በፋብሪካ እየተመረተ ዋጋው ሲቀንስ፣ ቤት ለምን እስከ ዛሬ በጡብ ላይ ጡብ እየተደረደረ ይሠራል? ቤትም እንደ መኪና በፋብሪካ ተሠርቶ፣ ቀላልና ርካሽ ሆኖ፣ ወደሚፈለግበት ቦታ ተጭኖ መሄድ አለበት አለ። አንድ ሕንፃ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን አርክቴክቶችን መጠየቅ ልማዱ ነበር፤ መልሱን የሚያውቅ ብዙም አልነበረም።

የመጀመሪያው ንድፉ ባለ ስድስት ማዕዘን ቤት ሲሆን፣ ወለሉና ጣሪያው በመሃል ከቆመ አንድ ምሰሶ ላይ በብረት ገመድ ይንጠለጠላል። የውኃና የመብራት መስመሮች በምሰሶው ውስጥ ያልፋሉ። የንድፉ ሞዴል በ1929 በቺካጎው የማርሻል ፊልድ ትልቅ መደብር ለሕዝብ ሲታይ፣ የመደብሩ ማስታወቂያ ባለሙያ ፉለር ከሚያዘወትራቸው ቃላት ዳይማክሲዮን የሚል ስም ፈጠረለት። ስሙ ከዳይናሚክ፣ ከማክሲመምና ከቴንሽን የተቀነጨበ ሲሆን፣ በትንሽ ነገር ብዙ መሥራት የሚለውን ሐሳብ እንዲገልጽ ነው።

በቤቱ ውስጥ የታሰቡት ዕቃዎችም አዲስ ነበሩ። ውኃን ከታመቀ አየር ጋር ቀላቅሎ እንደ ጭጋግ የሚረጭ ሻወር፣ በጣም ጥቂት ውኃ እንዲፈጅ የታሰበ ነው። መጸዳጃው ውኃ አይፈልግም፤ ቆሻሻውን አሽጎ ለማዳበሪያ እንዲውል ያዘጋጃል።

በመሃል ምሰሶ ላይ የቆመ ክብ ቤት ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በወላይታ ገጠር፣ በዱቦም ሆነ በሶዶ ዙሪያ፣ የሚታወቀው ክብ የሣር ቤት በመሃሉ ምሰሶ አለው። ልዩነቱ ክብደቱ የሚሄድበት መንገድ ነው። በሣር ቤት ምሰሶውና የግድግዳው እንጨቶች ጣሪያውን ከታች ይሸከማሉ፤ በፉለር ንድፍ ግን ግድግዳው ምንም አይሸከምም፤ ጭነቱ ሁሉ ከምሰሶው አናት በተወጠሩ ገመዶች ላይ ነው። ሌላው ልዩነት የሠሪው ማንነት ነው። የሣር ቤት በአካባቢው ከሚገኝ እንጨትና ሣር በቤተሰብና በጎረቤት ጉልበት ሲቆም፣ የፉለር ቤት ፋብሪካ፣ አሉሚኒየምና ባንክ ይፈልግ ነበር። ለመክሸፉ ዋናው ምክንያትም ከዚሁ የሚመነጭ ነው።

መኪናውና መታጠቢያ ክፍሉ

በ1933 ፉለር ከመርከብ ነዳፊው ስታርሊንግ በርጀስ ጋር ሆኖ በኮነቲከት ግዛት፣ በብሪጅፖርት ከተማ ዳይማክሲዮን መኪናን ሠራ። መኪናው ሦስት ጎማ ያለው፣ እንደ ውኃ ጠብታ የሾለና እስከ 11 ሰው የሚይዝ ነበር። የፊት ሁለቱ ጎማዎች ይነዱታል፤ የኋላዋ አንዷ ጎማ መሪውን ትቀበላለች። በጠባብ ቦታ ለመዞር እጅግ ይመቻል፤ በፍጥነትና በነፋስ ጊዜ ግን ለመቆጣጠር ያስቸግር ነበር። በጥቅምት 1933 በቺካጎ ዓለም አቀፍ ትርኢት አጠገብ የመጀመሪያው ናሙና ከሌላ መኪና ጋር ተጋጭቶ ሾፌሩ ሞተ። ከአደጋው በኋላ የገንዘብ ደጋፊዎች ራቁ፤ ሦስት ናሙናዎች ብቻ ተሠርተው ሥራው ቆመ። ከሦስቱ የተረፈው ሁለተኛው ናሙና በኔቫዳ ግዛት፣ በሪኖ ከተማ ሙዚየም ይገኛል።

በ1936 ፌልፕስ ዶጅ በተባለው የመዳብ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ዳይማክሲዮን መታጠቢያ ክፍልን ሠራ። ክፍሉ ገንዳውን፣ የእጅ መታጠቢያውንና መጸዳጃውን ከግድግዳውና ከወለሉ ጋር አንድ አድርጎ የያዘ ሲሆን፣ በማተሚያ ማሽን ከተቀረጹ አራት የብረት ቁራጮች ይገጣጠማል። ስፋቱ አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። እያንዳንዱን ቁራጭ ሁለት ሠራተኞች ተሸክመው በደረጃና በበር ሊያስገቡት ይችላሉ። ቆሻሻ የሚጠራቀምበት ሹል ጥግ እንዳይኖር ማዕዘኖቹ ሁሉ ክብ ተደርገዋል። ለዚህ ንድፍ በ1940 የፈጠራ መብት አገኘ፤ የተሠሩት ግን ጥቂት ናሙናዎች ብቻ ናቸው። ሆኖም በአንድ ቁራጭ ወይም በጥቂት ቁራጮች የሚመረት መታጠቢያ ክፍል ዛሬ በአውሮፕላን፣ በመርከብና በሆቴሎች የተለመደ ነው።

የዊቺታ ቤት

በ1940 ፉለር በሚዙሪ ግዛት ሲጓዝ ክብ የቆርቆሮ እህል ጎተራዎችን አየ። ከጎተራዎቹ አምራች ከበትለር ኩባንያ ጋር በመሆን ጎተራውን ወደ መኖሪያነት ለወጠው። የአሜሪካ ጦር ከእነዚህ ቤቶች የተወሰኑትን በጦርነቱ ጊዜ ተጠቅሞባቸዋል።

ጦርነቱ ሲያበቃ ሁለት ችግሮች አብረው መጡ፤ ተመላሽ ወታደሮች ቤት አጡ፤ የአውሮፕላን ፋብሪካዎች ደግሞ ሥራ አጡ። ፉለር ሁለቱን በአንድ ንድፍ ሊፈታ አሰበ። ከቢች አውሮፕላን ፋብሪካ ጋር በካንሳስ ግዛት፣ በዊቺታ ከተማ አዲስ የአሉሚኒየም ቤት ሠራ። ቤቱ ክብ ሲሆን ወርዱ 11 ሜትር፣ ክብደቱ 3 ቶን ያህል ነበር። ጣሪያው ላይ በነፋስ የሚዞር አየር ማውጫ አለው። የልብስና የዕቃ መደርደሪያዎቹ በግድግዳ ውስጥ ይዞራሉ፤ ቁልፍ ሲጫኑ የሚፈለገው መደርደሪያ ፊት ለፊት ይመጣል። ዋጋው 6,500 ዶላር እንዲሆን ታቀደ። ዜናው በጋዜጣ ሲወጣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤቱን ለመግዛት ጻፉ።

ይሁን እንጂ አንድም ቤት አልተሸጠም። ምርቱን ለመጀመር ለማሽንና ለቅርጽ ማውጫ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ያስፈልግ ነበር። ፉለር ደግሞ ንድፉ ገና አላለቀም እያለ ምርት እንዳይጀመር ተከላከለ፤ በዚህም ከባለ አክሲዮኖች ጋር ተጣላ። ድርጅቱ በ1946 ፈረሰ። የሁለቱን ናሙናዎች ክፍሎች አንድ ባለሀብት ገዝቶ በካንሳስ ከራሱ ቤት ጋር አያይዞ ኖረበት። ቤቱ በ1991 በሚሺጋን ግዛት ለሚገኘው ሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ተሰጠ፤ ከጥገና በኋላም ከ2001 ጀምሮ ለጎብኚዎች ክፍት ሆኗል።

ጂኦዴሲክ ዶም

ከዊቺታው ውድቀት በኋላ ፉለር ወደ ማስተማር ዞረ። በ1948 በሰሜን ካሮላይና ብላክ ማውንቴን ኮሌጅ ከተማሪዎቹ ጋር ለመስኮት መጋረጃ ከሚውል ስስ ጥብጣብ ትልቅ ዶም ሊያቆም ሞከረ፤ ዶሙ ግን አልቆመም። በሚቀጥለው ዓመት የተሻለ ቁሳቁስ ይዞ ተመልሶ ተሳካለት። በ1954 የፈጠራ መብት ተሰጠው። ተመሳሳይ አሠራር ከእርሱ በፊት በ1920ዎቹ በጀርመን የና ከተማ ዋልተር ባወርስፌልድ ለፕላኔታሪየም ተጠቅሞበት ነበር፤ ሆኖም ሐሳቡን በሒሳብ አስፋፍቶ በዓለም ያሰራጨው ፉለር ነው።

በ1956 በካቡል ለተደረገ የንግድ ትርኢት በአውሮፕላን የተላከውን ዶም፣ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ያላዩ አፍጋናውያን ሠራተኞች በ2 ቀን አቆሙት። ከሁሉ የገነነው በ1967 በሞንትሪያል ለዓለም ኤክስፖ የተሠራው የአሜሪካ ድንኳን ሲሆን፣ ወርዱ 76 ሜትር ነበር። የፕላስቲክ ሽፋኑ በ1976 በእሳት ቢጠፋም የብረት አጽሙ ቆሞ ቀርቷል፤ ዛሬ ሙዚየም ነው።

የመጨረሻ ዘመንና ውርስ

ፉለር ከ1959 ጀምሮ በደቡባዊ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በካርቦንዴል ከተማ ራሱ በነደፈው ዶም ውስጥ ከባለቤቱ ጋር ኖሯል። በ1969 ባሳተመው መጽሐፍ ምድርን ያለ ማስተካከያ መመሪያ ከተሰጠን መንኮራኩር ጋር አነጻጽሮ፣ ሀብቷ ለሁሉም ሊበቃ እንደሚችል ተከራክሯል። በ1983 መጀመሪያ የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ የነፃነት ሜዳሊያ ተሸለመ፤ በዚያው ዓመት ጁላይ 1 ቀን በሎስ አንጀለስ በ87 ዓመቱ ሞተ። ታማ ሆስፒታል የነበረችው ባለቤቱ አን ከ36 ሰዓት በኋላ ተከተለችው።

በ1985 ሃሮልድ ክሮቶ፣ ሮበርት ከርልና ሪቻርድ ስሞሊ 60 የካርቦን አቶሞች ያሉት እንደ ኳስ የተገጠመ ሞለኪውል አገኙ። ቅርጹ የፉለርን ዶም ስለሚመስል ባክሚንስተርፉለሪን ብለው ሰየሙት፤ ለዚህም ሥራ በ1996 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

በፉለር ላይ የሚቀርበው ዋና ትችት ስለ ቁሳቁስና ስለ ክብደት ብዙ ሲያስብ፣ ስለሚኖርበት ሰው ልማድ፣ ስለ ብድርና ስለ ጥገና ጥቂት ማሰቡ ነው። በዶም የኖሩ ሰዎች ከብዙ መጋጠሚያዎቹ ዝናብ እንደሚያፈስና ዕቃን ከክብ ግድግዳ ጋር ማስጠጋት እንደሚያስቸግር ይናገራሉ። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው ውኃ ቆጣቢ ሻወር፣ ውኃ የማይፈልግ መጸዳጃና በፋብሪካ የሚገጣጠም ቤት ዛሬ በየሀገሩ የሚሠራባቸው ጥያቄዎች መሆናቸውን ያስታውሳሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት፣ ርካሽና ጤናማ ቤት ለሁሉም የሚለው የ1927 ጥያቄ ገና ሙሉ መልስ አለማግኘቱ ነው።