ሰባት ጊዜ የሞከረው ተሸካሚ፦ የቴንዚንግ ኖርጌይ ታሪክ

በዚህ እትም የታላላቅ ሰዎች ታሪክ አምድ ላይ ይዤላችሁ የቀረብኩት የሯጭ ወይም የንጉሥ ታሪክ አይደለም። የአንድ ተሸካሚ ታሪክ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው፤ ዋና ዋናዎቹን ግን ወደኛ ቀይሬላችኋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ተራራው ልንገራችሁ። በዓለም ትልቁ ተራራ ኤቨረስት ይባላል። የሚገኘው በእስያ፣ በኔፓልና በቲቤት ድንበር ላይ፣ ሂማላያ በሚባለው የተራራ ሰንሰለት ውስጥ ነው። ከፍታው 8,848 ሜትር ነው። የኛን ትልቁን ተራራ ራስ ዳሸንን ውሰዱት፤ ከ4,500 ሜትር ትንሽ ነው የሚበልጠው። ስለዚህ ኤቨረስት ሁለት ራስ ዳሸን ተደራርቦ ያክላል ማለት ነው። እኛ ዘቢዳር ተራራ ጉም ሲለብስ አይተን ብርድ ብርድ ይለናል፤ እዚያ ግን ጫፉ ላይ በረዶው ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም። አየሩም በጣም ስስ ስለሆነ ሰው የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ ሦስተኛው ብቻ ነው። ሁለት እርምጃ ሄዶ ማረፍ ግድ ነው።

ቴንዚንግ የተወለደው በ1914 (በኛ 1906 ዓ.ም) አካባቢ ነው። የተወለደበትን ቀን በትክክል የሚያውቅ ሰው የለም። አባቱ ያክ የሚባሉ ጸጉራም የበሬ ዓይነት ከብቶች ያረቡ ነበር። ከ13 ልጆች 11ኛው እሱ ነው፤ ብዙዎቹ ወንድምና እህቶቹ ገና በልጅነታቸው ሞቱ። ስሙም መጀመሪያ ቴንዚንግ አልነበረም፣ ናምግያል ዋንግዲ ነበር። የሃይማኖት አባት ናቸው ስሙ እንዲቀየር የመከሩት። ቤተሰቦቹ መነኩሴ ይሁን ብለው ገዳም አስገቡት፤ እሱ ግን አልሆነለትም፣ ጠፍቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ሕዝቡ ሸርፓ ይባላል። ሸርፓዎች ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሚኖሩ ስሱን አየር ለምደውታል። በዚያ ጊዜ እንግሊዞች ኤቨረስትን ለመውጣት ሲመጡ ሻንጣ፣ ድንኳን፣ ምግብና ገመድ የሚሸከሙላቸው ሰዎች የሚቀጥሩት ዳርጂሊንግ ከሚባል የሕንድ ከተማ ነበር። ቴንዚንግም ይህን ሰምቶ ከቤት ወጥቶ ሄደ። ይሄ ነገር የኛን አገር አያስታውሳችሁም? የኛም ብዙ አጎቶችና ወንድሞች በልጅነታቸው ነው አዲስ አበባ ሄደው ሥራ የጀመሩት።

ዳርጂሊንግ እንደደረሰ ግን ወዲያው አልተሳካለትም። በ1933 ለመቀጠር ጠይቆ አልተቀበሉትም። በ1935 (በኛ 1927 ዓ.ም) ኤሪክ ሺፕተን የሚባል እንግሊዛዊ ለጉዞ ሰው ሲመርጥ በመጨረሻ ሰዓት ላይ ቦታ ተገኘለትና ገባ። ያኔ ዕድሜው 20 ዓመት ገደማ ነበር። ያን ጊዜ ጫፍ አልደረሱም። በ1936 ሄደ፣ አልሆነም። በ1938 ሄደ፣ አሁንም አልሆነም። በ1947 ከአንድ ፈረንጅ ጋር ያለ ፈቃድ በቲቤት በኩል ሞከሩ፣ ብርዱ መለሳቸው። በመሀል የዓለም ጦርነት ነበር። የመጀመሪያ ሚስቱ ሞተችበት፣ አንድ ወንድ ልጁም በሕፃንነቱ ሞተበት። እሱ ግን ተራራውን አልረሳም።

በ1952 ከስዊዘርላንድ ሰዎች ጋር ሁለት ጊዜ ሄደ። ስዊዞቹ እንደ ተሸካሚ ብቻ አላዩትም፣ የቡድኑ አባል አደረጉት። ሬይሞን ላምበር ከሚባለው ጓደኛው ጋር ድንኳን ውስጥ ያለ መኝታ ልብስ እየተንቀጠቀጡ አደሩ። ውሃ ሲጠማቸው በረዶ በሻማ አቅልጠው ጠጡ። በነጋታው 8,600 ሜትር አካባቢ ደረሱ። የቀራቸው 250 ሜትር ገደማ ነበር! ነገር ግን አቅማቸው አለቀ፤ ከቀጠልን አንመለስም ብለው ወረዱ። እኔ ይሄን ሳነብ በጣም ተናደድኩ። በኋላ ግን ሳስበው፣ ያን ቀን ባይመለሱ ኖሮ የሚቀጥለው ዓመት አይኖርም ነበር።

በ1953 እንግሊዞች በጆን ሃንት መሪነት ትልቅ ጉዞ አዘጋጁ። ተሸካሚዎቹ ብቻ ከ350 በላይ ነበሩ። ቴንዚንግ የሸርፓዎቹ አለቃ ሆነ፤ ይህ ሰባተኛ ሙከራው ነው። ጉዞው ገና ሲጀመር ግን ቅሬታ ተፈጠረ። ካትማንዱ ከተማ ላይ ሸርፓዎቹን መጸዳጃ ቤት የሌለው ጋራዥ ውስጥ አስተኟቸው። ሸርፓዎቹ በጣም ተቆጡ። ቴንዚንግ በሁለቱ መሀል ሆኖ ነገሩን አበረደው።

ከዚያ መውጣት ተጀመረ። ኤድመንድ ሂላሪ የሚባለው የኒውዚላንድ ሰው ንብ አርቢ ነበር። አንድ ቀን ሂላሪ የረገጠው በረዶ ተደርምሶ ስንጥቅ ውስጥ ገባ። ቴንዚንግ ወዲያው ገመዱን በበረዶ መጥረቢያው አስሮ ያዘውና ከሞት አተረፈው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አብረው መውጣት ጀመሩ።

ግንቦት 18 ቀን 1945 ዓ.ም ሌሎች ሁለት እንግሊዞች ቀድመው ሞከሩ፤ 100 ሜትር የማይሞላ ሲቀራቸው ተመለሱ። ተራው የሂላሪና የቴንዚንግ ሆነ። ግንቦት 20 ማታ 8,500 ሜትር ላይ ድንኳን ተክለው አደሩ። ጠዋት ሲነሱ የሂላሪ ጫማ በረዶ ሆኖ እንደ ድንጋይ ደርቋል። ሁለት ሰዓት ያህል እሳት ላይ ይዘው አለሰለሱት። ዓርብ ግንቦት 21 ቀን 1945 ዓ.ም፣ በኛ ሰዓት ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሁለቱም የዓለም ጫፍ ላይ ቆሙ።

ጫፉ ላይ የቆዩት 15 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ሂላሪ ቴንዚንግን ባንዲራ ይዞ ፎቶ አነሳው። ቴንዚንግ ላምበር የሰጠውን ቀይ የአንገት ልብስ አድርጎ ነበር። ከዚያ ምን አደረገ መሰላችሁ? በረዶውን ቆፍሮ ጣፋጭ ነገር ቀበረ፤ ለተራራው ስጦታ መሆኑ ነው። አብሮም ትንሽ ልጁ ኒማ የሰጠችውን እርሳስ አስቀመጠ። ቴንዚንግ ራሱ ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። የዓለም ጫፍ ላይ ያስቀመጠው ግን የተማሪ እርሳስ ነው።

ሲወርዱ ደሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ማን ነው ቀድሞ የረገጠው የሚል ክርክር ተነሳ። የኔፓልና የሕንድ ሕዝብ ቴንዚንግ ነው ቀዳሚው እያለ ጨፈረለት። ሁለቱ አብረን ነው የደረስነው አሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ቴንዚንግ ሕይወቱን ተናግሮ ባስጻፈው መጽሐፍ ላይ እውነቱን አወጣው፦ ሂላሪ ጥቂት እርምጃ ቀድሟል። ዝም ቢል ኖሮ የሚያውቅበት አልነበረም። እኔ ከመውጣቱ ይልቅ ይሄ ይበልጥብኛል።

ከዚያ በኋላ በ1954 ዳርጂሊንግ ላይ የተራራ መውጣት ትምህርት ቤት ተከፈተና የተግባር ሥልጠና ኃላፊ ሆነ። ልጆቹን ትምህርት ቤት አስገባ። የልደት ቀኑን ስለማያውቅ ጫፍ የደረሰበትን ቀን ልደቱ አደረገው። የሞተው በ71 ዓመቱ፣ ግንቦት 1 ቀን 1978 ዓ.ም ነው። ልጁ ጃምሊንግም በ1996 ኤቨረስትን ወጥቷል።

ዛሬ ብዙ ሀብታሞች ብዙ ሺህ ዶላር ከፍለው ከአስጎብኚ ጋር ኤቨረስትን ይወጣሉ። ገመዱን የሚዘረጉላቸው፣ መሰላሉን የሚተክሉላቸው፣ የኦክስጅን ጠርሙሱን የሚሸከሙላቸው ሸርፓዎች ናቸው። በ2014 በአንድ ቀን የበረዶ ናዳ 16 የኔፓል ሠራተኞች ሞተዋል። ዜና ላይ የሚወጣው ግን ብዙ ጊዜ የከፈለው ሰው ስም ነው።

ይህን ታሪክ የጻፍኩት በምክንያት ነው። አምና አንድ ዴስክ ላይ አብሮኝ ይቀመጥ የነበረ ልጅ ከመስቀል በኋላ ከአጎቱ ጋር አዲስ አበባ ሄደ። እዚያ መርካቶ ዕቃ ይሸከማል ተባለ። ክፍል ውስጥ አንዳንዶቻችን ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ። ቴንዚንግን ካነበብኩ በኋላ ግን አፈርኩ። የሚሸከም ሰው አይናቅም፤ ሸክሙን ይዞ የት እንደሚደርስ አይታወቅም። ዘንድሮ ለመስቀል ሲመጣ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። አንድ እርሳስም እሰጠዋለሁ፤ የማታ ትምህርት እንዲጀምር።

ጥያቄ ለእናንተ፦ ቴንዚንግ ኤቨረስትን ለመውጣት ስንት ዓመት ፈጀበት? ከ1935 ጀምራችሁ ቁጠሩ። መልሱን በሚኒ ሚዲያ ክበብ ሳጥን ውስጥ አስገቡ።

እስከሚቀጥለው እትም ቸር ይግጠመን!

ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ አገና