የቻርልስ ስታይንሜትዝ ሕይወትና የሞገዱ ቁጥር

ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ፤ የጣናም ውሃ እ.ኤ.አ. በ2010 በተመረቀው በጣና በለስ ጣቢያ አራት ታላላቅ ተርባይኖችን እያሽከረከረ ለአገሪቱ መስመር ኃይል ይሰጣል። ይህ ኃይል በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ሞገድ ነው። በወረታ ሩዝ የሚፈለፍል ባለ አራት ዋልታ ሞተር፥ ሞገዱ 50 ሲሆን የፍጥነቱ ወሰን በደቂቃ 1,500 ዙር ነው፤ 49 ሲሆን ግን ወደ 1,470 ይወርዳል። ቁጥሩ የሚወርደው ፈላጊው ከሚመረተው ኃይል ሲበልጥ ስለ ሆነ፥ ቁጥሩን ፈጥኖ መገመት የአገሩን ኃይል ሚዛን ማወቅ ነው። ለዚህ ሥራ የሚያገለግለውን ስሌት ያወረሰንን ሰው ሕይወት ለአንባብያን እናቀርባለን።

ስታይንሜትዝ ዛሬ በፖላንድ በምትገኘው በብሬስላው ከተማ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 9 ቀን 1865 ተወለደ። ከአያቱና ከአባቱ የወረሰው የጀርባ ጉብጠት ነበረበት። በዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ሲማር ከሶሻሊስት ተማሪዎች ጋር ስለ ተባበረ ፖሊስ ይፈልገው ጀመር፤ ስለዚህ የዶክትርና ዲግሪውን ሊቀበል ጥቂት ሲቀረው በ1888 ወደ ዙሪክ ሸሸ። በማግሥቱ ዓመት ኒው ዮርክ ሲደርስ፥ የወደቡ ሹማምንት ሰውነቱንና ድኽነቱን አይተው ሊመልሱት አሰቡ፤ አብሮት የመጣው ወዳጁ ዋስ ሆኖት ግን ገባ።

ከርሱ በፊት መሐንዲሶች ተለዋዋጭ ጅረትን ለማስላት በካልኩለስ ብዙ ይደክሙ ነበር። እርሱ በ1893 በቺካጎ ጉባኤ ሞገዱን በኮምፕሌክስ ቁጥር የሚጻፍ ቀስት አድርጎ አቀረበው። የቀስቱ ርዝመት የሞገዱን ብርታት፥ ማዕዘኑም ሞገዱ ከዙሩ የት እንደ ደረሰ ያመለክታል። ከዚያ ወዲህ ለብዙው ሥራ አልጀብራ በቃ። በኋላም በጄኔራል ኤሌክትሪክ ሲሠራ፥ በዩኒየን ኮሌጅ ሲያስተምር ኖሮ በኦክቶበር 26 ቀን 1923 ዐረፈ።

ይህን ቀስት በሰከንድ 50 ጊዜ ከሚዞር መለኪያ ጋር ብናስተያየው፥ ሞገዱ ልክ 50 ከሆነ ቀስቱ የቆመ ይመስላል፤ በሰከንድ አንድ ዙር ወደ ኋላ ከሄደ ሞገዱ 49 ነው። በ1988 በቨርጂኒያ ቴክ የተሠራው መሣሪያ ይህንኑ ቀስት በሳተላይት ሰዓት እየተመራ የሚለካ ነው። ሆኖም ጥቂት ሞገድ ብቻ አይቶ የሚፈርድ መሣሪያ ሁከት ያሳስተዋል፤ ብዙ ሞገድ የሚጠብቅም ይዘገያል። ቁጥሩ እጅግ ሲወርድ መስመሩን ለማዳን የአንዳንድ ሰፈር መብራት ይቆረጣልና፥ ግምቱ ከተሳሳተ ያለ አግባብ በጨለማ የሚቀር ሰው ይኖራል።

ስለዚህ ጓደኞቻችን የምሕንድስና ተማሪዎች ይህን ስሌት ከፈተና በኋላ እንዳይተዉት እናሳስባለን። ስሌቱን ያቀናው ዲግሪውን ሳይቀበል የተሰደደ፥ ከወደብም ሊመለስ ጥቂት የቀረው ተማሪ ነበረ።