ሜይ ሞሪስ፦ በአባቷ ስም ጥላ ሥር የተጠለፈ ሥራ

በእንግሊዝ አገር፣ በቴምዝ ወንዝ አጠገብ፣ ኬልምስኮት በሚባለው የገጠር ቤት ውስጥ በ17ኛው ምዕተ ዓመት የተሠራ አንድ የእንጨት አልጋ አለ። ጎብኚውን ቆም የሚያደርገው ግን እንጨቱ ሳይሆን በዙሪያው የተንጠለጠለው ጥልፍ ነው። በመጋረጃዎቹ ላይ የአበባ ሐረግ በርብራብ ላይ ተጠምጥሞ፣ ወፎች በመካከሉ ሰፍረው ይታያሉ። ከላይ በሚዞረው ጠባብ ጨርቅ ላይ ደግሞ ባለቅኔው ዊልያም ሞሪስ ለዚሁ አልጋ የገጠመው ግጥም በክር ተጽፏል። የግጥሙን ደራሲ ስም ብዙ ሰው ያውቀዋል። ንድፉን አውጥታ እ.ኤ.አ. ከ1891 እስከ 1893 ከረዳቶቿ ጋር የጠለፈችው ልጁ ሜይ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከባለሙያዎች በቀር የሚያስታውሳት አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሜይ ሞሪስ የተወለደችው በ1862 ነው። በዚያን ዘመን በእንግሊዝ ቤቶች የተስፋፋው የበርሊን ጥልፍ የሚባለው ነበር። ሴቶች በአራት ማዕዘን የተከፋፈለ የታተመ ንድፍ ይገዙና በደማቅ የሱፍ ክር ቀዳዳ እየቆጠሩ ይሞሉታል። እጅ ይሠራል፤ አሳብ ግን ሥራ ይፈታል። የሞሪስ ቤት ከዚህ ልማድ የራቀ ነበር። አባትና እናት የቆዩ ጥልፎችን ክር በክር እየፈቱ አሠራራቸውን ተምረዋል፤ ይህም ለባለሙያ ከመጥለፍ የማያንስ ትምህርት ነው። ሜይም መርፌ መያዝን ከእናቷ ከጄንና ከአክስቷ ከቤሲ ተማረች፤ ቀጥሎም በለንደን ሳውዝ ኬንዚንግተን ወደሚገኘው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባች።

በ1885፣ ገና የ23 ዓመት ወጣት ሳለች፣ የአባቷን ድርጅት የጥልፍ ክፍል በኃላፊነት ተረከበች። ንድፍ ማውጣት፣ ክር መምረጥ፣ ጠላፊዎችን ማሠልጠን፣ ዋጋ መተመን ሁሉ የእርሷ ድርሻ ሆነ። ክፍሉ የበር መጋረጃ፣ የትራስ ልብስና የመሠዊያ ጨርቅ ያዘጋጅ ነበር። ራሳቸው መጥለፍ ለሚሹ ደንበኞችም ንድፉ በጨርቁ ላይ ተነድፎ፣ አንዱ ጥግ በባለሙያ ተጀምሮ ይሸጥላቸዋል። ጀማሪዋ ያንን ጥግ እያየች ትከተላለች። ይሁን እንጂ ሥራው ሁሉ የሚወጣው በድርጅቱ ስም ስለነበረ ብዙዎቹ ንድፎቿ ለአባቷ ተቆጠሩ። በ1883 የነደፈችው የግድግዳ ወረቀት እንኳ ይኸው ዕጣ ደርሶታል።

ከጠላፊዎቿ አንዷ የአየርላንዱ ባለቅኔ የዬትስ እኅት ሊሊ ነበረች። ሊሊ ከ1888 ጀምሮ ስድስት ዓመት ያህል ሠርታለች። ስለ አለቃዋ የጻፈችው በጎ ነገር አይደለም፤ ሜይ ለሥራ ጥብቅ፣ ለሰው ደግሞ የማትመች ነበረች ማለት ይቻላል። ያም ሆኖ ሊሊ በዚያ የቀሰመችውን ሙያ ወደ አገሯ ወስዳ ከ1902 ጀምሮ በደብሊን አጠገብ ለአየርላንድ ልጃገረዶች አስተምራበታለች።

ሜይ በ1893 ስለ ጌጥ ጥልፍ አንድ መጽሐፍ አሳተመች። በመጽሐፉ ስለ ስፌቶቹ ዓይነት ብቻ ሳይሆን ስለ ንድፍና ስለ ቀለምም አስተምራለች። ከሁሉ ይልቅ የመሰጣት ግን በመካከለኛው ዘመን በእንግሊዝ አገር የተሠራው የቤተ ክርስቲያን ጥልፍ ነበር። በ14ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ስለተሠራው ስለ ሳዮን ካባ ጥናት ጽፋለች። የዚያ ዘመን ጠላፊዎች የወርቁን ክር በጨርቁ ፊት ይዘረጉታል፤ ከጀርባ የሚመጣው የተልባ ክር ወርቁን ቅንጣት ያህል ይዞ ወደ ኋላ ይስበዋል። ማሠሪያው ከፊት አይታይም። በየስበቱ ትንሽ ማጠፊያ ስለሚፈጠርም፣ በወርቅ የተሞላው ካባ ሳይገተር በካህኑ ትከሻ ላይ እንደ ልብ ይወርዳል። ብልሃቱ ያለው ከጀርባ ነው።

አባቷ በ1896 ሲሞት የክፍሉን ኃላፊነት ተወች፤ በለንደን በዕደ ጥበብ ትምህርት ቤት ጥልፍ ማስተማርም ጀመረች። በ1890 ያገባችውን ባሏን በ1898 ፈትታ በአባቷ ስም መጠራትን መረጠች።

በ1884 የተመሠረተው የለንደን የጥበብ ሠራተኞች ማኅበር በዚያን ጊዜ ሴት አይቀበልም ነበር። የማኅበሩ አባላት የሜይን ሙያ ያውቃሉ፤ በየኤግዚቢሽኑም ሥራዋ ከሥራቸው ጎን ተሰቅሏል። በስብሰባቸው ግን ወንበር አልነበራትም። በ1907 እርሷም ጠላፊ ከሆነችው ከሜሪ ኤልዛቤት ተርነር ጋር የሴቶች የጥበብ ማኅበርን መሠረተች። ጠላፊዎች፣ ሠዓልያን፣ መጽሐፍ ደጓሾችና የጌጣጌጥ አንጥረኞች ተሰባስበው ሥራቸውን ለባልደረባ ዓይን የሚያቀርቡበት፣ ስለ ሙያቸው የሚነጋገሩበት ቦታ አገኙ። ወንዶቹ በራቸውን ለሴት የከፈቱት በ1960ዎቹ ነው።

በ1909 ወደ አሜሪካ ተሻግራ ስለ ጥልፍ፣ ስለ ጌጣጌጥና ስለ አልባሳት እየተዘዋወረች አስተማረች። ከ1910 እስከ 1915 ደግሞ የአባቷን ሥራዎች በ24 ቅጾች አዘጋጅታ አሳተመች። ለአባቷ መታሰቢያ ይህን ያህል የደከመች ልጅ ለራሷ ሥራ እንዲህ ያለ መዝገብ ሳታበጅ መቅረቷ ያስቆጫል። ከመርፌዋ የተወሰዱ ዓመታት ነበሩና።

የመጨረሻዎቹን ዓመታት በኬልምስኮት ኖራ በጥቅምት ወር 1938 እዚያው አረፈች። ጥልፎቿን፣ ንድፎቿንና ጌጣጌጦቿን ያሰባሰበ ሰፊ ኤግዚቢሽን በ2017 በለንደን ተከፈተ። ያስተናገደው ሙዚየም የሚጠራው በአባቷ ስም ነው።