ፕሮፌሰር አክሊሉ ከወንዙ ዳር ያዩት

ሻንጣዬ አልጋዬ ላይ እንደተከፈተ ነው። ቦት ጫማ፣ የላስቲክ ጓንት፣ የግንባር ባትሪ፣ ሁለት ወፍራም ደብተር። ዘንድሮ ክረምቱን የማሳልፈው ኬንያ፣ ኪሱሙ አካባቢ፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ቀንድ አውጣ እየሰበሰብኩ ነው። ከአገር ስወጣም ለመስክ ጥናት ስሰማራም የመጀመሪያዬ ነው። አምደወርቅ ያለችው እናቴ በስልክ ስነግራት ከልቧ ሳቀች። ለቀንድ አውጣ ተብሎ ድንበር ይሻገራል እንዴ ነው ነገሩ!

እኔ ግን ፈርቻለሁ። ሰው አገር ሄጄ ውኃ ስለካ፣ ቁጥር ስመዘግብ ከርሜ ዋናውን ነገር ሳላየው እንዳልመለስ ነው ፍርሃቴ። እንዲህ ሲሰማኝ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማን አስባለሁ።

አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1935 ተወለዱ። አዲስ አበባ ተምረው ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ያዙ። በዚያው ዓመት አገራቸው ተመልሰው የቢልሃርዝያን ስርጭት ለማጥናት አድዋ ወረዱ። ገና 30 ዓመት አልሞላቸውም።

ቢልሃርዝያ ተንኮለኛ በሽታ ነው። ተውሳኩ ወንዝና ሐይቅ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ሆድ ተራብቶ ወደ ውኃው ይወጣል። ከዚያ ለመዋኘት፣ ለማጠብ ወይ ውኃ ለመቅዳት የገባን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣውን ካጠፋህ መንገዱን ዘጋህበት ማለት ነው።

አድዋ ላይ ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። አክሊሉ ልብ ብለው ሲያዩ፣ ከማጠቢያው በታች የሞተ ቀንድ አውጣ በዝቷል፤ ከማጠቢያው በላይ ግን እንደዚያ አይደለም። ሌላ ሰው ቢሆን ምናልባት አልፎት ይሄድ ነበር። እሳቸው ከሴቶቹ አንዷን የአረፋውን ውኃ ሕያው ቀንድ አውጣ ባለበት ዕቃ ላይ እንድትጨምር ጠየቋት። ጨመረች። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌ አፍራለሁ። እናቴ ነጠላና ጋቢ በእንዶድ ስታጥብ አጠገቧ ነው ያደግኩት። አረፋው ውስጥ እግሬን እየነከርኩ ተጫውቻለሁ። ትንሽ ወደ ታች ወርጄ ውኃው ውስጥ ምን እንደሞተ አይቼ ግን አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዓመታት የፈጀ ትግል ነው። አክሊሉ በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። አድዋ ላይ እንዶድ ለአምስት ዓመት ሲሞከር፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የነበረው ቢልሃርዝያ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ደግሞ ተክሉን እያዳቀሉና እየመረጡ አብረዋቸው ደከሙ። ሆኖም አገር ውስጥ የተሠራው ጥናት በውጭ ሰዎች ዘንድ ቶሎ አልታመነም፤ ሌላ ቦታ እንደገና ይፈተሽ እየተባለ ዓመታት ነጎዱ። በ1989 ሁለቱ አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙ። አክሊሉ በ1997 አረፉ።

ከማረፋቸው በፊት እንዶድ አሜሪካ ውስጥ ሌላ ጥቅም ተገኘለት። የውኃ ቧንቧ የሚደፍን ባለዛጎል ፍጥረት ይገድላል ተብሎ የፓተንት መብት ተመዘገበበት። የእውቀቱ ባለቤት ማን ነው የሚል ክርክርም ተነሳ። ያቺ አድዋ ላይ አረፋውን የጨመረችው ሴት ማን ትባል ነበር? ባነበብኳቸው ጽሑፎች ሁሉ ስሟን አላገኘሁም።

የመስክ ደብተሬ ላይ ቀን፣ ቦታ፣ የውኃው ሙቀትና የቀንድ አውጣው ብዛት የሚሉ ዓምዶችን አስምሬአለሁ። ትናንት ማታ አምስተኛ ጨመርኩ፤ ማን አሳየኝ የሚል። ኪሱሙ ላይ ዓሣ አጥማጁንም ልብስ አጣቢዋንም እጠይቃለሁ፤ ከፈቀዱ ስማቸውን እጽፋለሁ።

መለማመጃ እንዲሆነኝ ወደ አምደወርቅ ደወልኩ። እናቴ የእንዶዱ ፍሬ ሳይቀላ ተለቅሞ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ እንደሚወቀጥ አስረዳችኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ለምን እንዳልጠየቅኳት ገርሟታል። የደብተሬ የመጀመሪያ መስመር የሷ ሆነ፤ ስሟንም ጻፍኩት።